የቀበቶ ቀለምና የመታጠቅ ምሥጢር

በልደት ዕለት በላስታ ላሊበላ፥ ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዐለት አፋፍና ከሥሩ ተከፍለው ቤዛ ኵሉ እያሉ ሲያሸበሽቡ ከሩቅ የተመለከተ ሰው፥ ነጩ ሸማ ሕዝቡን ሁሉ አንድ ያደረገ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ላስተዋለ ግን የካህኑ ጥምጥም፥ የመነኵሴው ቆብ፥ የባሕታዊው ወይባና የምእመኑ መስቀለኛ የተጣፋ ነጠላ፥ እያንዳንዱ የባለቤቱን ማዕርግና ግብር ያለ ቃል ይናገራል። በዚህ የልብስ ቋንቋ ያደገ የላስታ ልጅ፥ ዛሬ በየከተማው ቴኳንዶና ካራቴ የሚማሩ ወጣቶች የሚታጠቁትን ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ቀበቶ ሲያይ፥ ማዕርግ በቀለሙ ውስጥ ያደረ እንዳይመስለው ያሻል፤ ማዕርጉን የሚያጸናው በአስታጣቂውና በታጣቂው መካከል ያለ ኪዳን ነውና።

የቀበቶው ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል። ጃፓናዊው መምህር ጂጎሮ ካኖ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 የጁዶን ትምህርት ቤት ኮዶካንን ከመሠረተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ የበሰሉትን ከጀማሪዎቹ ለመለየት ጥቁር መታጠቂያ ሰጠ፤ የካራቴው መምህር ጊቺን ፉናኮሺም በ1924 ይህንኑ ሥርዓት ወደ ካራቴ አሻገረው። በመካከል ያሉት ብዙዎቹ ቀለማት ግን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በለንደንና በፓሪስ፥ ዕድገቱን በዓይኑ ለማየት ለሚቸኩል ተማሪ የተበጁ ናቸው። ነጩ ቀበቶ በላብና በዐፈር ብዛት ጠቈረ የሚለው ትረካ ያማረ ቢሆንም፥ ጥቁሩ ከመጀመሪያው በቀለም የተነከረ ነበረ፤ እንዲሁም በ1997 ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን የፈቀደው ሰማያዊ ልብስ፥ ዳኛና ተመልካች ሁለቱን ተጋጣሚዎች እንዲለዩ እንጂ ምሥጢር እንዲተረጐምበት አልነበረም። ትርጓሜው ከልማዱ በኋላ ይወለዳል ማለት ነው።

ትርጓሜም ከአገር አገር ይለያል። በ1966 ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን የመሠረቱት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ፥ ነጩ የጀማሪውን የዋህነት፥ ቢጫው ተክሉ ሥር የሚሰድባትን መሬት፥ አረንጓዴው ቡቃያውን፥ ሰማያዊው ወደ ሰማይ ማደጉን፥ ቀዩ ማስጠንቀቂያን፥ ጥቁሩ ብስለትን ያመለክታል ብለው አስተማሩ። የላስታ ደጋ ገበሬ ግን ገብሱ በክረምት ለምልሞ በመኸር ቢጫ ሲሆን ስለሚያጭደው፥ ቢጫ ለእርሱ የፍጻሜ እንጂ የመነሻ ቀለም አይደለም፤ ዓለምን የናቀ ባሕታዊም ቢጫ ወይባ የሚለብሰው በተጋድሎ ከገፋ በኋላ ነው። አንዱ ቀለም በአንዱ አገር ደጃፍ፥ በሌላው አገር ጕልላት ሆነ።

ከቀለም ይልቅ የአለባበሱ ሥርዓት እንደሚናገር ነጠላችን ያስተምረናል፤ በደስታ ቀን ወደ ታች የሚወርደው ጥለት በሐዘን ቀን ወደ ላይ ዞሮ በአንገት ዙሪያ ሲውል፥ ጨርቁም ቀለሙም ያው ሆኖ ሳለ ያየ ሁሉ ልቅሶ መኖሩን ያውቃል። አባቶቻችንም በጌታ ወይም በዳኛ ፊት ሲቆሙ ሸማቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው፥ መታጠቅ የታዛዥነት ምልክት መሆኑን በገዛ ሰውነታቸው ያሳዩ ነበር። ከዚህ የሚልቀው ግን የምንኵስና ሥርዓት ነው፤ መናኙ ከቀሚስና ቅናት ከሚባለው የወገብ ጠፍር ጀምሮ በቆብ በኩል ወደ አስኬማ ሲያልፍ፥ ለዓለም እንደ ሞተ ተቈጥሮ ጸሎተ ፍትሐት ይደርስለታልና፥ የወገቡ ጠፍር የኃይሉ መለኪያ ሳትሆን የፈቃዱ ማሠሪያ ናት።

እንግዲህ ጥቁር ቀበቶ የደረሰ ወጣት ፍጻሜ ላይ የደረሰ እንዳይመስለው፥ ጃፓኖች የመጀመሪያውን የጥቁር ቀበቶ ማዕርግ ሾዳን፥ ይኸውም መነሻ ደረጃ ብለው መጥራታቸውን ያስታውስ። ቀበቶ ከገበያ ይገዛል፥ ጠፍርም ቆዳ ከሚያለፋ ሰው ይገኛል፤ የቆሎ ተማሪ ወደ አዲስ ጉባኤ ሲመጣ ግን ስለ ልብሱ ሳይሆን የማን ደቀ መዝሙር እንደ ሆነ ይጠየቃልና፥ ባለ ቀበቶውንም ቀለሙን ከመቍጠር በፊት «ማን አስታጠቀህ?» ማለት ይገባል።