ድመትን ለምን እናስጾማታለን?



«ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ተረቱ የተተረተው ግብዝ ሰውን ለመንቀፍ ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ ድመቲቱ ራሷ የሚናገረውም እውነት ነው። ድመት ሥጋ በል የሆነችው በአመል ሳይሆን በተፈጥሮዋ ነውና። ታዲያ በጾም ወራት ሽሮና ምስር፣ በፍስክም የተረፈ የወጥ ፍትፍት ስናቀርብላት መገብናት ማለት እንችላለንን?

ይህን የምንለው ይልቁንም ዘሯ የተመረጠ ድመት ለሚያሳድጉ ነው። «አቢሲኒያን» የምትባለውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ዙላ የተባለች ድመት ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዳ የዘሩ መነሻ ሆነች ይባላል፤ የዛሬው የዘር ምርመራ ግን ወደ ህንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ያደላል። የሆነ ሆኖ በስሟ መኩራት ቀላል ነው፤ ከባዱ ሆዷን ማወቅ ነው።

ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የሰው አካል ራሱ ያዘጋጀዋል፤ ድመት ግን የሚበቃትን ያህል ማዘጋጀት ስለማትችል ከሥጋና ከዓሣ ልታገኘው ይገባል። ይህ ሲጐድል ዓይኗ እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ልቧም እንደሚደክም በ1987 ሊቃውንት አስረድተዋል። በሽሮና በምስር ውስጥ ይህ የለም። የወጡም ነገር ከዚህ አይሻልም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርሱ መርዞች ናቸውና።

ምግቧም እንደ ዕድሜዋ ይለያያል። ግልገሏ እስከ ሦስትና አራት ሳምንት በእናቷ ጡት ትኖራለች፤ ከዚያ ለስላሳ ምግብ ትለምዳለች፤ በስምንት ሳምንት ገደማ ጡት ትተዋለች። የላም ወተት ግን ብዙውን ጊዜ ያስቀምጣታል እንጂ አያሳድጋትም። ሆዷ ትንሽ ስለ ሆነ እስከ ስድስት ወር በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በጥቂት በጥቂቱ መብላት አለባት። አጥንቷ የሚጠናው በዚህ ጊዜ ነውና ሥጋ ብቻውን አይበቃትም፤ ካልሲየም ያነሰው ነው። ስለዚህ እስከ አንድ ዓመቷ ለግልገል የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ ይሻላታል።

ያደገች፣ አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበቃታል። እንዳትወልድ የተደረገች ከሆነ ግን ቶሎ ስለምትወፍር ይቀነስላት። የምታጠባዋ በአንጻሩ ከወትሮው ሁለት ሦስት እጥፍ ልትበላ ትችላለች፤ ሆዳም ተብላ አትከልከል። አሥር ዓመት ያለፋት አሮጊት ደግሞ ጡንቻዋ ይሟሽሻል፣ ኩላሊቷም ይደክማል፤ እርጥብ ምግብና ንጹሕ ውሃ ይብዛላት፤ የሥጋው መጠን ይቀነስ ቢባል እንኳ በእንስሳት ሐኪም ምክር ብቻ ይሁን።

«ሲርባት ትበላዋለች» የሚሉም አሉ። አደገኛ አነጋገር ነው! ወፍራም ድመት ጥቂት ቀን እህል ሳትቀምስ ብትሰነብት ስብ ጉበቷን ወርሮ ሊገድላት ይችላል።

«ሰው ሳይጠግብ ለድመት ሥጋ?» የሚል ወቀሳ እንደሚመጣብን እናውቃለን። ወቀሳው ከባድ ነው፤ አናቃልለውም። ነገር ግን ድመት አሳድጉ ብሎ ማንንም ያስገደደ የለም። ዘሯን መርጦ፣ ገንዘብ ከፍሎ ያመጣት ሰው የምግቧንም ዋጋ አብሮ መቍጠር ነበረበት። የማይችል አይግዛ። የተሟላው ምግብ ለጊዜው ቢታጣ እንኳ የበሬ ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው፤ ተቀቅሎ ከነመረቁ ይሰጣት፣ ታውሪኑ ወደ ውሃው ይወጣልና። ጨውና ሽንኩርት አይግባበት፤ ጉበትም አይብዛ፤ የተቀቀለ አጥንትም አይሰጣት።

የሰው ጾም በፈቃድ የሚፈጸም ነው፤ ክብሩም በዚሁ ነው። ድመት ግን ፈቃዷን አልሰጠችም። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ይህን ለእናቶቻችንና ለታናናሾቻችን በትሕትና ብናስረዳ፣ የተማርነው ትምህርት ከጓዳ ገባ ማለት ነው።