ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ ዝርዝሩን ግን የሚጽፈው ሰው ነው

ፍራንክፈርት የሚኖር ወዳጄ ባለፈው ወር ሴት ልጅ ወለደ። ስሟን «ጉድሩን» አላት። ፎቶዋን ከነስሟ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ ለእናቲቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

አንዱ «ጉድ ነው እንዴ የወለዳችሁት?» ብሎ ሳቀ። አንዲት አክስት «ከስንክሳር የሌለ ስም ከየት አመጣችሁት?» ብለው ተቆጡ። ጀርመን አገር የተማረ የአጎት ልጅ ግን የማያስቅ ነገር ጻፈ፦ «የናዚ ስም ነው። የሂምለር ልጅ ስም ነው። ምን አድርጋህ ነው ይህን የምታሸክማት?»

ወዳጄ መልስ አልሰጠም። እኔ እመልስለታለሁ፤ ነገሩ ከአንዲት ሕፃን በላይ ነውና። ስም እየሰማን ሰው የምንመዝን ሆነናል። ሚዛኑ የተሰበረ መሆኑን ለማሳየት ደግሞ ከዚህች ሕፃን ስም የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአክስታችን ልጀምር። ጉድሩን ሁለት ክፍል ያለው ስም ነው። «ሩን» በጥንቶቹ የጀርመንና የሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች ምሥጢር ማለት ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን ጳጳሱ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎቲክ ቋንቋ ሲመልስ፣ በማርቆስ ወንጌል «የእግዚአብሔር መንግሥት ምሥጢር» በተባለው ቦታ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ስለዚህ እማማ፣ ቃሉ ወንጌል ውስጥ ከገባ አሥራ ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል። የክርስትና ስሟን ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ትሰጣታለች።

የመጀመሪያውን ክፍል «አምላክ» የሚሉት አሉ፤ «ጦርነት» የሚሉትም አሉ። ክርክሩ አልተቋጨም፤ ቢቋጭም ብዙ ለውጥ አያመጣም። የጥንት ጀርመኖች ስም እንደ እኛ ስም ዓረፍተ ነገር አይደለም። እኛ ሰው ሞቶብን «ምትኩ»፣ «ካሳ»፣ «ማስረሻ» እንላለን፤ ስማችን መልእክት ያለው ደብዳቤ ነው። እነሱ ግን ከአባትና ከእናት ስም ቁራጭ እየወሰዱ ይገጥሙ ነበር። በጥንቱ ግጥም የሄሪብራንድ ልጅ ሂልደብራንድ ነው፤ የሂልደብራንድ ልጅ ሃዱብራንድ። «ሂልደጉንድ» የሚባለው የሴት ስም ደግሞ ሁለቱም ክፍሉ ጦርነት ማለት ነው፤ «ጦርነት ጦርነት»! ልጁን እንዲህ ብሎ የሚመርቅ አባት የለም። ስሙ የሚናገረው ከማን ቤት እንደ ተወለደች ነው፤ ምን እንደምትሆን አይናገርም።

አሁን ወደ አጎት ልጅ። እውነት አለው፤ የሃይንሪሽ ሂምለር ልጅ በ1929 ተወልዳ ጉድሩን ተብላለች። በ1930ዎቹና በ40ዎቹም በጀርመን ብዙ ሴቶች ልጆች በዚህ ስም ተጠርተዋል። ዛሬ ለአራስ የሚያወጣው የለም ማለት ይቻላል፤ የአያቶች ስም ሆኗል።

ግን በዚያ ትውልድ የተወለዱ ሦስት ጉድሩኖችን እንይ። የሂምለር ልጅ እስክትሞት ድረስ አባቷን አልካደችም፤ የቀድሞ የኤስኤስ ሰዎችን በሚረዳ ማኅበር ውስጥ ስትሠራ ኖራ በ2018 ሞተች። ጉድሩን ኤንስሊን በ1940 ከፕሮቴስታንት ፓስተር ቤት ተወለደች፤ የግራ ዘመሙን የታጠቀ ቡድን፣ የቀይ ጦር አንጃን፣ ከመሠረቱት አንዷ ሆና በ1977 እስር ቤት ውስጥ ሞተች። ጉድሩን ፓውዜቫንግ በ1928 ተወለደች፤ መምህርትና ደራሲ ሆነች፤ ከቼርኖቤል አደጋ በኋላ በ1987 ያወጣችው ስለ ኑክሌር አደጋ የሚተርክ ልቦለድ የጀርመንን ወጣቶች አነጋገረ። ስማቸው አንድ ነው፤ የተወለዱትም በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ነው። አንዷ ለናዚዎች፣ አንዷ ለጠመንጃ አብዮት፣ አንዷ ለብዕር። ስሙ የቱን ነገረን?

ስም የሰውን ደም ይናገራል ብለው ከልባቸው የሠሩትማ ናዚዎቹ ራሳቸው ናቸው። በነሐሴ 1938 በወጣ ድንጋጌ፣ ስሙ መንግሥት ለአይሁድ ከፈቀደው ዝርዝር ውስጥ የሌለ አይሁዳዊ ሁሉ ከጥር 1 ቀን 1939 ጀምሮ ተጨማሪ ስም እንዲይዝ ታዘዘ፤ ወንዱ «እስራኤል»፣ ሴቷ «ሣራ»። ለምን አስፈለገ? ብዙዎቹ አይሁድ እንደ ማንኛውም ጀርመናዊ ይጠሩ ስለነበር በስም መለየት አልተቻለማ! ባለቅኔዋ ገርትሩድ ኮልማር አይሁዳዊት ነበረች። ገርትሩድ ደግሞ ከጦርና ከብርታት የተገጠመ ንጹሕ የጀርመን ስም ነው። ስሙ አላዳናትም፤ በ1943 ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች።

ድንጋጌውን ካረቀቁት አንዱ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ሙሉ ስሙ ሃንስ ዮሴፍ ማሪያ ግሎብከ። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሃንስ ከዮሐንስ ያጠረ ነው፤ ዮሐንስ ዕብራይስጥ ነው። ዮሴፍ ዕብራይስጥ ነው። ማሪያም ዕብራይስጥ ነው። የአይሁድን ስም ከጀርመን ስም ሊለይ የተቀመጠው ሰው ሦስቱንም ስሞቹን ያገኘው ከአይሁድ ነው! የራሱን ስም ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልፈለገም። ከጦርነቱ በኋላም አልተጎዳም፤ ከ1953 እስከ 1963 የምዕራብ ጀርመን ቻንስለር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ ሠራ።

ዝርዝር ጻፊ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የሌላውን ስም ሲበልት የራሱን አያይም።

ለማነጻጸር አይስላንድን ተመልከቱ። እዚያ ጉድሩን ለረጅም ዘመን እጅግ ከተለመዱት የሴት ስሞች አንዱ ነው። አይስላንዳውያን እንደ እኛው የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ከራስ ስም ቀጥሎ የአባት ስም ነው፤ የስልክ ማውጫቸውም በራስ ስም ፊደል ተራ የሚሄድ ነበር። እዚያ ጉድሩን ስትባል ሂምለር ትዝ የሚለው የለም፤ አክስት ወይም ጎረቤት ናት ትዝ የምትለው። ያው ስም አንድ አገር ላይ የዘወትር ልብስ ነው፤ ሌላ አገር ላይ ክስ። ለውጡን ያመጡት ሰዎች ናቸው።

ስለ ጀርመን ብቻ የማወራ ከመሰላችሁ ወደ ቤታችን እንመለስ። የቀበሌ መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። ፋይዳ ብሔር አይጠይቅም፤ ደግ ነገር ነው። ግን መስመሩ ቢነሳም ስማችን አለ። «ስምህ ማን ነው? የአባትህስ?» ከዚያ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «የአያትህስ?» ሦስተኛው ስም ላይ የጠያቂው ፊት ይፈታል ወይም ይጠቁራል። ቤት ሲከራዩ፣ ሥራ ሲያመለክቱ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ መንገድ ላይ ሲያስቆሙ፣ በሦስት ቃል ሰው ተመዝኖ ያልቃል። በእነዚህ ዓመታት ይህ ጥያቄ ለአንዳንዱ የሞትና የሕይወት ጥያቄ እንደነበር ማናችንም አናጣውም።

በዚህ ሚዛን ስንቱ ተሳስቶ ተመዘነ? ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙ የተለወጠ አለ። ከሁለት ወገን ተወልዶ የአንዱን ስም ብቻ የያዘ አለ። በባለውለታ ስም የተጠራ አለ። ዮሐንስና ማርያም፣ መሐመድና ፋጡማ የየትኛው ብሔር ስም ናቸው?

«ስም ምንም አይናገርም ነው የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ስም ስለ አውጪው ይናገራል፤ ስለ ዘመኑ፣ ስለ እምነቱ፣ ስለ ተስፋው። ስለ ተሸካሚው ግን ፍርድ አይሰጥም። የአጎት ልጅ «ትምህርት ቤት የአሮጊት ስም ብለው ይስቁባታል» ብሎ ቢሆን ኖሮ እሰማው ነበር፤ ይህ የወላጅ ጭንቀት ነው። «የናዚ ስም» ሲል ግን የእነ ግሎብከን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ለሕፃን ዝርዝር እያወጣ።

ወዳጄ ስሙን ከየት እንዳመጣው ከግሩፑ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። ጀርመን እንደገባ፣ ቋንቋው ሳይገባው፣ የሚመጣለትን ደብዳቤ ሁሉ እያነበቡ የሚያስረዱት የፎቅ ጎረቤቱ ነበሩ። በ1941 የተወለዱ አሮጊት ናቸው። ሚስቱ የመጀመሪያውን ልጅ ስትወልድ ሾርባ ሠርተው ወደ ሆስፒታል የሄዱት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት አረፉ። ስማቸው ጉድሩን ነበር። አባታቸው በዚያ ክፉ ዓመት ይህን ስም ለምን እንዳወጡላቸው እኔም ወዳጄም አናውቅም። እሳቸውም አልመረጡትም።

በእኛ አገር ደንብ ይህ ውለታ መመለስ ይባላል።

ስለዚህ የግሩፑ ቤተሰብ ሆይ፣ ገና አልረፈደም። ለእናቲቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሏት። ለጉድሩንም እደጊ፣ ተመንደጊ በሏት።