ድንጋዩን ማን ተሸከመው?



ስለ ጥንታዊት ቻይና ሊቃውንት የአትክልት ቦታ የሚጽፉ ጓደኞቻችን የኩሬውን፣ የቀርከሃውንና የድንጋዩን ውበት አወድሰው አይጠግቡም። እኛ አንድ ጥያቄ አለን፤ ድንጋዩን ማን ተሸከመው?

ንጉሠ ነገሥት ኹዪዞንግ ሠዓሊም ባለቅኔም ነበር። በካይፈንግ ላሠራው ገነት ብርቅ አለትና ዛፍ ከደቡብ በጀልባ አስጫነ። አለቱ አላልፍ ሲል ድልድይ ፈረሰ፤ የከተማ ቅጥር ተናደ። ምሬቱም ሞልቶ በ1120 እ.ኤ.አ. የፋንግ ላ ዐመፅ ፈነዳ። ከተማይቱ ተከባ በ1127 በጠላት እጅ ስትወድቅ ሕዝቡ የገነቱን ዛፍ ለማገዶ ቆረጠ፤ አጋዘኑም ለምግብ ታረደ። ሕዝብ የገነቱ ተካፋይ የሆነው ያን ጊዜ ነው!

መንግዚ የተባለው ፈላስፋ ግን ከዚያ ከ1,400 ዓመት በፊት አስጠንቅቆ ነበር። የንጉሥ ዌን ገነት 70 ሊ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ጠባብ ነው አለ፤ ሣር አጫጁም አዳኙም ይገባበታልና። የንጉሥ ሹዋን 40 ሊ ብቻ ሆኖ ሳለ ሰፊ ነው አለ፤ አጋዘን የገደለ እንደ ነፍሰ ገዳይ ይቀጣበታልና።

ወደ አገራችን እንመለስ። ገነተ ልዑል ከ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዛሬ በዛፉ ጥላ ሥር ግጥም የምንጽፍ እኛ ነን። መልካም! ነገር ግን የተማሪ ብቻ ሆኖ ከቀረ የአጥሩ ጌታ ተለወጠ እንጂ አጥሩ አልፈረሰም።

እስቲ ሶማሌ ተራ ውረዱ። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሞተር የሚሸከመው ወጣት ሲደክመው የሚያርፈው በቆመ የጭነት መኪና ጥላ ነው። መኪናው ሲነሣ ጥላውም አብሮ ይሄዳል። «መናፈሻ ተሠርቶለት የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ የመግቢያ ዋጋ ተቆርጦለት ነው የተከፈተው። ለቀን ሠራተኛ ደግሞ ዋጋው ሁለት ነው፤ ትኬቱና ሥራ የፈታበት ቀን።

«ደሃ እንጀራ እንጂ አበባ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። ውሸት ነው! ጥላ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው ነው።

ስለዚህ ዛፍና አግዳሚ ወንበር በሶማሌ ተራ ይተከል፤ ያለ ትኬት፣ ያለ ዘበኛ። እኛም ስለ ገነት ብዕር ስናነሣ አስቀድመን ተሸካሚውን እንጠይቅ። ይህን የማያደርግ ጽሑፍ ውዳሴ ነው፤ ውዳሴ ደግሞ የተማሪ ሥራ አይደለም።