ዲቪ የደረሰው እና በኮንትራት የሄደችው፦ እስኪ ሂሳቡን እንሥራው

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ቡና ተፈልቶ ጨዋታው ሲደራ ስደት ሳይነሳ አይቀርም። "የእነ እገሌ ልጅ አሜሪካ ገባ" ሲባል ሁሉም "እሰይ!" ይላል። "የእነ እገሌ ልጅ ሳዑዲ ሄደች" ሲባል ደግሞ ወይ ዝም ይባላል፣ ወይ "እመቤቴ ትከተላት" ይባላል። ሁለቱም ግን ከአንድ ቀበሌ የወጡ ናቸው፤ አንዳንዴም ከአንድ እናት። ሁለቱም ለፍቶ አዳሪ ናቸው። ታዲያ ኑሯቸው ለምን ይህን ያህል ተራራቀ?

ጥያቄውን ያነሳነው ለወሬ ማሟሻ አይደለም። በውስጥ መስመር "የትኛው ይሻላል?" "ደላላ ይህን ያህል ጠየቀኝ፣ ልክፈል?" የሚሉ መልእክቶች ይደርሱናል። በሬ ሸጠው፣ መሬት አከራይተው፣ በአራጣ ተበድረው ለመሄድ የተዘጋጁ ልጆች አሉ። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱን ማኅበረሰቦች፣ አሜሪካ ያለውን ወገናችንን እና ሳዑዲ ያለውን፣ ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያለን።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር። ለምዕራብ ጎጃም ሰው ከቤት ወጥቶ እንጀራ መፈለግ አዲስ አይደለም። ወላጆቻችን በቡሬ–ነቀምት መንገድ አባይን ተሻግረው ወለጋ አርሰዋል፣ መተከል ወርደው አርሰዋል፣ በሰሊጥ ወቅት መተማና ሁመራ ሄደው የቀን ሥራ ሠርተዋል። ያ መንገድ ግን እየጠበበ መጣ። በ2005 ዓ.ም ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ካማሺ ዞን የተባረሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፍኖተ ሰላም መጥተው ሲያርፉ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። ከዚያ ወዲህ ወለጋ ውስጥ የሆነውን እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም ቡሬ ላይ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም አለው የተባለው ፊቤላ ፋብሪካ ሲመረቅ "በቃ እዚሁ እንሠራለን" ያለ ወጣት ብዙ ነበር። ሁለት ዓመት ከምናምን ቆይቶ ጦርነቱ መጣ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም ፍኖተ ሰላም ላይ የደረሰውን የአየር ጥቃት፣ ከዚያም የመንገዱን መዘጋትና የኔትወርኩን መጥፋት እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ዓይን ወደ ሩቅ ቢዞር ምን ይገርማል?

ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

አሜሪካ ያለው ማኅበረሰብ በአንድ ቀን የተሠራ አይደለም። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት ሄደው የ1966ቱ አብዮት መመለሻ ያሳጣቸው አሉ። በደርግ ዘመን በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የተወሰዱ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ዲቪ መጣ። ዛሬ በአፍሪካ ተወልደው አሜሪካ ከሚኖሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ከናይጄሪያውያን ጋር ከፊት የሚሰለፉ ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቨርጂኒያ ያለው አሌክሳንድሪያ ብትሄዱ እንጀራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ እድር፣ እቁብ ሁሉም አለ። የዲሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም አገልግሎት ይሰጣሉ። ልብ በሉ፣ በአማርኛ! እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየክረምቱ በተለያዩ ከተሞች የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል።

ሳዑዲ ያለው ወገናችንስ? እዚያም የሚኖረው ሰው በብዙ መቶ ሺህ ይቆጠራል። አንዱ ክፍል በኮንትራት፣ በአውሮፕላን የሄዱ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች። ሌላው በጅቡቲ ወይም በቦሳሶ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል የገባ ነው። እረኛ፣ ዘበኛ፣ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይኖራል፤ ወረቀት የለውም። በዚህኛው መንገድ ስላለው አደጋ አንድ ነገር ብቻ እንበል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን የመን ድንበር ላይ መግደላቸውን ዘግቧል። "ደላላው የታወቀ ነው፣ ችግር የለም" ለሚላችሁ ሰው ይህን ንገሩት።

አሁን ወደ ብሩ እንሂድ፣ የምትጠብቁት እሱን ነውና።

የሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት 1,000 ሪያል ገደማ ነው። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ ወደ 266 ዶላር ይመጣል፣ በወር። ሜሪላንድ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። ስለዚህ ሪያድ ያለችው እህት በወር የምታገኘውን ሜሪላንድ ያለው ወንድሟ በ18 ሰዓት ሥራ ያገኘዋል። ሁለት ቀን ከሩብ ማለት ነው።

"በቃ አለቀ፣ አሜሪካ!" አትበሉ ገና። ወንድምየው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ በወር 2,600 ዶላር አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ ግብር ይቆረጣል። ባለ አንድ መኝታ ቤት እዚያ አካባቢ ከ1,500 ዶላር በላይ ነው። ለዚህም ነው ሰው ተዳብሎ የሚኖረው። መኪና የግድ ነው፣ የመኪናው ኢንሹራንስ፣ ነዳጁ፣ ስልኩ፣ ምግቡ። ሁሉም ተከፋፍሎ ሲያልቅ ለእናቱ የሚልከው 200 ዶላር ቢተርፈው ጎበዝ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራውም፣ ሌሊት ኡበር የሚነዳውም ለዚህ ነው። እህትየው ግን ቤት ኪራይ የለባትም፣ ምግብ የለባትም። ደመወዟ በጊዜው ከተከፈላት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ትልካለች።

ስለዚህ አንዳንድ ቤት ውስጥ የሚታየው ግራ የሚያጋባ ነገር ይህ ነው፦ የሳዑዲዋ ልጅ ከአሜሪካው ልጅ እኩል ወይም የበለጠ ብር ትልካለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ 120ን አለፈ። 266ቱ ዶላር ከ15 ሺህ ብር ወደ 32 ሺህ ብር ዘለለ ማለት ነው። ገጠር ያለ ቤተሰብ ይህን ሲያይ ሁለተኛዋንም ልጅ ለመላክ ቢያስብ አንፈርድበትም። እርግጥ ነው፣ የዘይቱና የማዳበሪያው ዋጋም አብሮ ወጥቷል፤ የተላከው ብር ሲታይ የሚበዛውን ያህል አይገዛም።

ልዩነቱ ያለው እንግዲህ በሚላከው ብር ላይ አይደለም። ብሩ ምን ተከፍሎበት ተገኘ፣ ከአምስት ዓመት በኋላስ ምን ይቀራል የሚለው ላይ ነው።

ሳዑዲ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት እረፍት ይሰጥ ይላል። ገልብጣችሁ ስታነቡት 15 ሰዓት ማሠራት ይቻል ነበር ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ደንቡ ቢሻሻልም የተዘጋ ቤት ገብቶ ሰዓት የሚቆጥር የለም። ዋናው ቁልፍ ግን "ከፊል" የሚባለው ነገር ነው። መኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው። ማዳም ብትከፋ፣ ደመወዝ ብትከለክል፣ ጥሎ ወጥቶ ሌላ ሥራ መያዝ ማለት ሕገወጥ መሆን ማለት ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሠራተኞች አሠሪ እንዲቀይሩ የሚያስችል ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን ከዚያ ውጭ ትታቸዋለች። አሥር ዓመት ብትሠራ ዜጋ አትሆንም። ባሏን፣ ልጇን፣ እናቷን አታስመጣም።

ግሪን ካርድ የያዘው ወንድሟ ግን አለቃው ቢሰድበው ነገ ሌላ ቦታ ይቀጠራል። አምስት ዓመት ሲሞላው ለዜግነት ያመለክታል፤ ዜጋ ሲሆን ወላጆቹንና ወንድም እህቶቹን ለማምጣት ፋይል ይከፍታል። ማኅበረሰቡ የሚያድገው እንዲህ ነው፤ አንዱ አንዱን እየሳበ። ሳዑዲ ያለው ግን አንዱ ሲመጣ ሌላው ይባረራል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ለጎጃም ልጅ ደግሞ ሌላም አለ፣ ብዙ ጊዜ የማይወራ። ሳዑዲ ውስጥ ከእስልምና ውጭ በአደባባይ ማምለክ አይቻልም፤ ቤተ ክርስቲያን የለም። ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም ጂዳ ውስጥ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ የተያዙ 35 ኢትዮጵያውያን ወራት ታስረው ነው ወደ አገር የተመለሱት፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሙስሊም እህቶቻችን ቢያንስ በዚህ በኩል ይቀላቸዋል፣ ኡምራም የማድረግ ዕድል ያገኛሉ። ቅዳሴ ስትሰማ ያደገች ልጅ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጾሟን እንኳ ተደብቃ ነው የምትጾመው። በዓል ሲመጣ ስልክ ይዛ የምታለቅሰው ዝም ብላ አይደለም።

ሁለቱ ማኅበረሰቦች በግልጽ የተገናኙበት አንድ ጊዜ እናስታውሳለን። በጥቅምት 2006 ዓ.ም መጨረሻ ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማፈስ ስትጀምር ሪያድ መንፉሃ ሰፈር ኢትዮጵያውያን ተደበደቡ፣ ሰው ሞተ። በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ ቦሌ ተጫነ። ያኔ ዋሽንግተን ያሉት ወገኖች ሳዑዲ ኤምባሲ ፊት ወጥተው ጮኹ። አዲስ አበባ ላይ ተመሳሳይ ሰልፍ ለመውጣት የሞከሩትን ፖሊስ በተናቸው። መንፉሃ ያሉት ራሳቸው ግን ድምፅ አልነበራቸውም፤ ባለ ጉዳዮቹ እነሱ ሆነው ሳለ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም እንደገና ከ100 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ለመመለስ ስምምነት ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት በ2015 ደግሞ ያው መንግሥት ሴቶች ለሳዑዲ ሥራ እንዲመዘገቡ በየክልሉ ጥሪ ያሰማ ጀመር። በአንድ በኩል ማውረድ፣ በሌላ በኩል መጫን። ምን ይባላል?

አሜሪካ ያለውንም አናንቆለጳጵስ። ዲቪ የሚሠራው ዋሽንግተን ያለው ፖለቲካ እስከፈቀደ ድረስ ነው። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም ፕሬዚዳንት ትራምፕ የኢሚግሬሽን ቪዛ ሲያግዱ "ደርሶኛል" ብለው ሥራ የለቀቁ፣ ዕቃ የሸጡ ሰዎች ቪዛ ሳያገኙ ጊዜው አልፎባቸዋል። በሜክሲኮ በኩል ገብቶ ጥገኝነት የጠየቀው ደግሞ ፍርድ ቤት ለዓመታት ይጠብቃል፤ የሥራ ፈቃድ እስኪያገኝም ወራት በሰው እጅ ይኖራል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጊዜያዊ ከለላም ስሙ እንደሚለው ጊዜያዊ ነው። እኛን ብትጠይቁን እንዲህ ያለው ሰው ግሪን ካርድ ካለው ጎረቤቱ ይልቅ ኑሮው ለሪያዷ ልጅ ይቀርባል። ዲግሪ ይዞ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቀውም ብዙ ነው።

ስለዚህ ሰዎቹን የለያያቸው ጉብዝና አይደለም፤ ሲገቡ የያዙት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ እዚሁ ነው የሚወሰነው። ዲቪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅን፣ ወይም በ5 ዓመት ውስጥ የ2 ዓመት የሙያ ሥራ ልምድን ይጠይቃል። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923 ደግሞ 8ኛ ክፍል የጨረሰች፣ 18 ዓመት የሞላት፣ ሲኦሲ ያላት ይል ነበር። በአገር ደረጃ የ2014 ዓ.ም 12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፈው ከመቶ 3.3 ብቻ ነው፤ በ2015 ደግሞ 3.2። እዚህ ላይ በጦርነቱ የተዘጉትን የእኛን ትምህርት ቤቶች ጨምሩበት። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት የተቋረጠባት የጃቢ ጠህናን ልጅ በዚያ አዋጅ ለዲቪም ለኮንትራቱም አትበቃም ነበር። የሚቀራት የቦሳሶ ደላላ ነበር። ዕድሜዋን በመታወቂያ ከፍ አድርጎ "አልቋል" የሚላትም እሱ ነው።

ለመሄድ ለቆረጣችሁ ከአዋጁ የምንነግራችሁ ይህን ነው። በሕጋዊ ኮንትራት የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የኢንሹራንሱ ወጪ የአሠሪው ነው። የእናንተ ወጪ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የአሻራና የሲኦሲ ነው። "ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል አምጣ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በሬውን ከመሸጣችሁ በፊት ፈቃዱን ከሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ አጣሩ። የውሉን ኮፒ፣ የአሠሪውን ስምና አድራሻ፣ የፓስፖርቱን ፎቶ ለእናታችሁም ለወንድማችሁም ስልክ ላይ ላኩ። ፓስፖርቱን እዚያ ስትደርሱ ሊቀበሏችሁ ይችላሉ፤ ፎቶው ግን ፍኖተ ሰላም ይቀራል።