በአለቃዬ አፍ የተናገርኩት

ለዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤ የፍቅርም የትዳርም አይደለም። ቢሆንም ሦስት ጊዜ አነበብኩትና እንቅልፍ ነሳኝ። ለምን እንደነሳኝ እንደርስበታለን።

ጸሐፊዋ ወጣት ናት። የአእምሮ ሕሙማንን በሚረዳ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሥራዋ ለሥራ አስኪያጁና ለቦርዱ ሰብሳቢ መጻፍ ነው። የምስጋና ደብዳቤው፣ የበዓል መልእክቱ፣ የመድረክ ንግግሩ ሁሉ ከእሷ እጅ ወጥቶ በእነሱ ፊርማ ይሄዳል። ከተማዋን አልጠቅስም። ጭንቀቷን በራሷ አባባል ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ ለውጭ ለጋሾች የሚላክ ደብዳቤ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። ሥራ አስኪያጁ 'ልጇን ያሰረች እናት ቤት ገብቼ አለቀስኩ ብለሽ ጻፊልኝ' አለኝ። እሱ እዚያ ቤት ደርሶ አያውቅም፤ የሄድኩት እኔ ነኝ። እናትየዋ ቡና አፍልታ ያጫወተችኝ አምናኝ ነው። 'ስሟን እስካልጠራን ምን ችግር አለው? ገንዘቡ እንደሆነ ለሕሙማኑ ነው' ይላል። እምቢ ብል ያባርረኛል ብዬ እፈራለሁ። ሁለት ታናናሾቼን የማስተምረው እኔ ነኝ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ይኼ ጥያቄ እኔ ዘንድ መምጣቱ የእግዜር ሥራ ይመስለኛል። አንቺ የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ እኔም ተቀምጬ ነበር።

ጊዜው መስከረም 1998 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ባለ ድርጅት እሠራ ነበር። መስከረም 30 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 10 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሆኖ ይከበራል። ለአለቃዬ ንግግር ጻፍ ተባልኩ። ወረቀቱ ላይ አፈጠጥኩ። ቁጥር ብደረድር ማን ይሰማኛል? ያኔ የአክስቴ ልጅ ትዝ አለኝ።

እኔ የአዴት ልጅ ነኝ። ከባሕር ዳር በሞጣ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ የምትገኘዋ፣ የይልማና ዴንሳዋ አዴት። የአክስቴ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። ልጇ ገና በሃያ ዓመቱ ታመመ፤ ብቻውን ያወራል፣ ሌሊት ተነስቶ ይሄዳል። እና ይታሰር ነበር። ይህንን ጻፍኩት! «በጎጃም፣ በአዴት አካባቢ፣ ኋላ ቀር አስተሳሰብ የገዛ ልጅን እንደ ከብት ያሳስራል» አልኩ፣ በአለቃዬ አፍ። አዳራሹ ተነካ፣ መሐረብ ወጣ፣ አለቃዬም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ንግግሩ በሬዲዮ ተላለፈ።

ስም አልጠራሁም እኮ! ግን አዴት ገበያ ላይ ስም ማን ይፈልጋል? «አዴት»፣ «የታሰረ ወጣት» ከተባለ ሰው ሁሉ ቤቱን ያውቀዋል። አዲስ አበባ ሆኖ ይህንን የሚያወራ ማን እንደሆነም ያውቃል።

ለጥምቀት አገሬ ገባሁ። አክስቴ እንደ ወትሮዋ አገላብጣ ሳመችኝ፣ ጠላ ቀዳችልኝ፣ ከዚያ ቁጭ አለችና «አንተ ልጅ፣ በሬዲዮ የተባለው የእኛን ቤት ነው አሉ። እውነት ነው?» አለችኝ። አልካድኩም። «እንግዲያው ያንን ወረቀት አንብብልኝ» አለች። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ዘመድ ላሳይ ብዬ በኩራት ይዤው የመጣሁ እኔ ነኝ! አነበብኩላት። «እንደ ከብት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ። «ማሰሬ እውነት ነው። ለምን እንዳሰርኩት ግን የለበትም» አለች። ጊደር ሸጣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ወስዳው ነበር። ጠበልም አልቀረም። መድኃኒቱን ሲውጥ ያርሳል፣ ይስቃል፣ ሰው ይሆናል። ሲያልቅ ግን ባሕር ዳር ሄዶ መግዛት ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ የገበሬ እጅ ባዶ ነው። መድኃኒት በጠፋበት በአንዱ ክረምት፣ ሌሊት ወጥቶ የሞላ ወንዝ ሊገባ ሲል ጎረቤት መለሰው። መጫኛ ያነሳችው ያን ሌሊት ነው። «ወንዝ ከሚወስደው፣ ጅብ ከሚበላው ብዬ ነው። እግሩ እንዳይቆስል በነጠላዬ ጠቅልዬ ነው ያሰርኩት። ይኼንን ለምን አልጻፍክም?»

አያችሁ? ማዋረዴ አንሶ ምክንያቱንም ዋሽቻለሁ። አዳራሹ ያለቀሰው ለኋላ ቀርነት ነው፤ ኋላ ቀርነትን ለማጥፋት ደግሞ የግድግዳ ፖስተር ይታተማል። ታተመም። አክስቴን አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አለቃዬ የሚለምነው የክረምት መድኃኒትና መሳፈሪያ ይሆን ነበር። በጣሊያን ጊዜ የተቋቋመው አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. ነው። በቡታጅራ ገጠር በተደረገው ጥናትም ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ቀምሰው አያውቁም ነበር። ንግግሬ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም፤ መጫኛው ብቻ!

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። በችኮላ መልቀቂያ አታስገቢ። ሥራ አስኪያጁን በስብሰባ ላይ ሳይሆን ለብቻው አግኝው፤ አለቃ በሰው ፊት እምቢ ሲሉት ልቡ ይደነድናል። «ጋሼ፣ ለጋሹ መጥቶ ያለቀሱበትን ቤት ያሳዩኝ ቢልዎ ምን ይላሉ? የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት» በይው። ይህ አነጋገር አለቆች ዘንድ ይሠራል፤ ስለ ሕሊና ከማውራት ይልቅ ይሠራል። ከዚያ እሱ ራሱ በዓይኑ ያየውን ጠይቂው። ሩብ ሰዓት ዝም ብለሽ ካዳመጥሽው አንድ ነገር አያጣም፤ ብዙዎቹ እዚህ ሥራ ውስጥ የገቡት በራሳቸው ዘመድ የተነሳ ነው። እሱን በእሱ አነጋገር ጻፊለት። «ይድናሉ» ብለሽ ተስፋ አትስጪበት፤ ሒሳብ ሹሙ ያላረጋገጠውን ቁጥርም አታስገቢ።

የእናትየዋ ታሪክ የግድ ነው ካለ ደግሞ፣ ወደ እንግሊዝኛ ከመመለሱ በፊት ሄደሽ በአማርኛ አንብቢላት። ልጁም ደህና በሆነበት ሰዓት ይስማ፤ ታሪኩ የእሱ ነውና። እርዳታው በእሺታዋ ላይ እንዳልተንጠለጠለ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ አለዚያ ለዱቄት ብላ እሺ ትልሻለች። ይቅር ካለች ይቅር። ፎቶውም እንደዚያው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለስ? ላይነካሽ ይችላል፣ ሊያባርርሽም ይችላል፤ አልዋሽሽም። ስለ ታናናሾችሽ ብለሽ ከዛሬ ጀምሮ ድምፅሽን አጥፍተሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ። ያቺን ደብዳቤ ግን ራሱ ይጻፋት።

ይህንን ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት በስልክ ለአክስቴና ለልጇ አነበብኩላቸው። እሱ ዛሬ በወር አንዴ ጤና ጣቢያ ሄዶ መርፌ ይወጋል። አክስቴ የነጠላዋ ነገር መግባቱን ሰምታ ዝም አለች። እሱ ግን አላለፈኝም። «ድንች አምርቼ እንደምሸጥስ? እሱን ጻፍ እንጂ!» አለኝ። ጽፌያለሁ።