ትንሿ ደስታም በጀት ይያዝላት

ስለ ኑሮ ውድነት በተነሳ ቁጥር ለደመወዝተኛው የሚሰጠው ምክር ተመሳሳይ ነው፦ ውጭ ቡና አትጠጣ፣ ጋዜጣ አትግዛ፣ ፀጉርሽን እቤት ተሠሪ፣ የልጆቹን ከረሜላ አስቀሩ። ምክሩ ከቅን ልብ የሚመጣ ነው። ሰሚውም ብዙ አይከራከርም፤ ለራስ ደስታ የወጣች ገንዘብ ሁሉ እንደ ጥፋት ስትቆጠር እያየን ነው ያደግነው። እኔ ግን ምክሩ በሁለት በኩል ስህተት አለበት እላለሁ። አንደኛ፣ የአብዛኛውን ቤት ወጪ የሚያናጋው ትንሿ ደስታ አይደለችም። ሁለተኛ፣ ለአንዲት ትንሽ ደስታ እንኳ ቦታ ያልተወ በጀት ብዙ አይዘልቅም፤ አንድ ቀን ሲሰበር ደግሞ የሚያስከትለው ወጪ ከተቆጠበው ይበልጣል። ስለዚህ ገቢው ያነሰ ቤተሰብ ትንሿን ደስታ እንደ ሳሙናና እንደ ታክሲ ገንዘብ ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ ሊመድብላት ይገባል፤ ልኳ ታውቆ፣ ቀኗ ተቆርጦ።

የሸክሙን ክብደት አቅልዬ እያየሁ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይቱ፣ መድኃኒቱና የመኪና መለዋወጫው ተከትለው ወጡ፤ ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልተከተለም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማድረጉ እፎይታ ቢሆንም፣ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ በእንዲህ ያለ ወቅት ከበጀቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚቀነሰው ምን ይሁን?

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ወርሃዊ ገቢው 12,000 ብር የሆነ ቤተሰብ 5,000 ብር ለቤት ኪራይ ይከፍላል እንበል። አባትየው በሳምንት ሁለት ቀን መንገድ ዳር የጀበና ቡና ቢጠጣ፣ አንዱ ሲኒ 25 ብር ቢሆን፣ በወር 200 ብር ነው። ከገቢው መቶ እጅ ሁለቱ እንኳ አይሞላም። አከራዩ ድንገት ተነስቶ 1,000 ብር ቢጨምርበት ግን የአምስት ወር የቡና ገንዘብ በአንድ ወር ይሄዳል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ጭማሪም እንደ አከራዩ ፈቃድ በየወሩ የሚወሰን ነገር እንዳይሆን አድርጓል። ይህን መብቱን አውቆ ውሉን በወረዳው ያስመዘገበ ተከራይ፣ ቡናውን ከተወ ተከራይ ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ስለ ሲኒው የምንመክረውን ያህል ስለ ውሉ መምከር ያለብን ለዚህ ነው።

ከኪራይ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ቀዳዳ የድህነት ዋጋ ነው። እጁ ያጠረው ሰው ዕቃን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛ፣ ለአንዱ ዕቃ ካለው ሰው የበለጠ ይከፍላል። ሽንኩርቱን ከጉሊት በመደብ፣ ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ ስኳሩን በላስቲክ ተቋጥሮ ይገዛል። ጤፍ በኩንታል መግዛት ስለማይችል እንጀራውን ከሱቅ በፍሬ ይወስዳል። ልዩነቱ በአንድ ቀን አይታይም፤ በዓመቱ ሲደመር ግን ቀላል አይሆንም። ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው ጥርስን መንከስ ሳይሆን መተባበር ነው፦ ሦስት ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ኩንታል ቢካፈሉ፣ የእቁብ ዕጣ የደረሳት እናት ከሸማቾች ማኅበር ለብዙ ሳምንት የሚበቃ ቀለብ ብታስገባ፣ ያን ጊዜ የሚተርፈው ገንዘብ ከቡናው የሚበልጥ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚሁ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ በወር 200 ብር በዓመት 2,400 ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ 2,400 ብር የአንድ ልጅ ደብተርና ጫማ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሒሳቡ ሁለት ነገር ይዘነጋል። የመጀመሪያው፣ ገንዘቡ እንዳለ አይቆይም፤ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ባለፈበት ጊዜ ባንኮች በቁጠባ ላይ እንዲከፍሉ የተደነገገው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ ስለዚህ የተቀመጠው ብር በተቀመጠበት ይመነምናል። ከዚህ ተነስቼ አትቆጥቡ አልልም፤ ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ተቀማጭ የግድ ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ይከብዳል። ስሌቱ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሳይበገር ይጸናል ብሎ ይነሳል። ስድስት ወር ራሱን የከለከለ ሰው በአንድ የበዓል ሰሞን ወይም በአንድ የብስጭት ምሽት ያጠራቀመውን ሲያወጣው ደጋግመን አይተናል። ያን ጊዜ የሚወጣው ብር ልክ አይኖረውም፤ ጸጸቱም ይከተላል፤ ከጸጸቱ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» ብሎ በጀቱን ጭራሽ መተው ነው።

ለትንሽ ደስታ ቦታ ያልተወ በጀት ነገር በሌላ አገር በጥናት ተፈትሿል። ሲቦም ራውንትሪ የተባለው እንግሊዛዊ፣ የቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤት ልጅ፣ በዮርክ ከተማ ያሉትን የሠራተኛ ቤተሰቦች ኑሮ አጥንቶ በ1901 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። የድህነት ወለሉን ሲያሰላ አካልን ለማቆም ብቻ የሚያስፈልገውን ነበር የቆጠረው። በእርሱ ስሌት የሚኖር ቤተሰብ ጋዜጣ አይገዛም፤ ርቆ ለሄደ ልጁ ደብዳቤ አይልክም፤ የፖስታ ገንዘብ የለውምና። ልጆቹ አሻንጉሊትና ከረሜላ አያውቁም፤ አባት ትንባሆም ቢራም አይቀምስም፤ እናት የሚያምር ልብስ አትገዛም። ራውንትሪ ይህን የጻፈው ድሆች እንዲህ ይኑሩ ለማለት አልነበረም። ማንም ሊኖረው በማይችለው በዚህ ስሌት እንኳ ከከተማዋ ነዋሪ አሥር እጅ አንዱ ከወለሉ በታች መሆኑን ለማሳየት ነበር። በኋላ እርሱ ራሱ ሠራተኛ ሊያገኝ የሚገባውን ደመወዝ ሲያሰላ፣ ጋዜጣን፣ ሬዲዮንና የመሳሰሉትን ትንንሽ ወጪዎች በስሌቱ ውስጥ አስገባ። ድህነትን በእንጀራ ልክ ብቻ የለካው ሰው፣ በዚያ ልክ የሚኖር ሰው እንደሌለ በመጨረሻ በስሌቱ መሰከረ።

በእኛ ዘመን ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከማይክል ክሬመር ጋር የተጋሩት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ፣ እጅግ ድሃ የሆኑ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን በምን ላይ እንደሚያወጡ አጥንተዋል። በሕንድ ኡዳይፑር አካባቢ የሚኖሩ በጣም ድሃ ቤተሰቦች ከዓመት ወጪያቸው አሥር በመቶ ያህሉን ለበዓላት ያውሉት ነበር። በሞሮኮ አንድ መንደር ደግሞ ቤቱ በቂ ምግብ የሌለው ሰው ቴሌቪዥን ገዝቶ አግኝተዋል። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ይህ ስንፍና ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ግን የደረሱበት ሌላ ነው፦ ሥራ ከሌለበት፣ ቀኑ ከማይመሽበት ኑሮ ውስጥ ትንሽ ደስታ ማግኘት ለእነዚህ ሰዎች ከተራ ፍላጎት በላይ ነው፤ ወጪውንም አስበውና አጠራቅመው ነው የሚያወጡት። ድሃው ገንዘቡን የሚያወጣው ስለማያውቅ ነው ከሚለው ይልቅ፣ ምን እንደሚያስፈልገው ከእኛ የተሻለ ያውቃል የሚለው ለእውነት የቀረበ ነው።

እኛስ ዘንድ? የእኛ ባህል ይህን ከተመራማሪ በፊት ያውቀዋል። የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ከዓመቱ ግማሽ የሚሆነውን ይጾማል፤ ነገር ግን ጾሙ መጨረሻ አለው፤ ፋሲካውና ገናው ቀናቸው የታወቀ ነው። ሙስሊሙም ረመዳንን የሚጾመው ኢድ እንዳለ እያወቀ ነው። ብቻውን በሬ መግዛት የማይችለው በቅርጫ ይገባል፤ ድርሻውን አስቀድሞ አውቆ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ አዋጥቶ። የቡናውን ሥርዓት በቅርብ ብናየው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ቡናው ይታጠባል፣ በምጣድ ይቆላል፣ ጭሱ በጎረቤት ፊት ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ በጀበና ይፈላል። አቦሉ ከወረደ በኋላ በዚያው ቡና ላይ ውኃ ተጨምሮ ቶና ይሆናል፤ ከዚያም በረካ። አንድ እፍኝ ቡና አምስትና ስድስት ሰው ሰብስቦ ከሰዓት በኋላውን ያቆየዋል፤ የታመመ ይጠየቅበታል፣ የተጣላ ይታረቅበታል፣ ሥራ የጠፋበት ወሬ ይሰማበታል። በዚህ ዋጋ ይህን ያህል የሚሰጥ ሌላ ምን አለ? በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ጋዜጣ መግዛት ያቃተው አንባቢ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ እዚያው ቁጭ ብሎ በኪራይ ያነብ የነበረውም በዚሁ መንፈስ ነው፤ ማንበቡን አልተወም፤ ለኪሱ የሚሆን መንገድ ፈለገለት።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ሥርዓት ይወጣል። ትንሿ ደስታ ቤት የማታፈርሰው ዋጋዋ አስቀድሞ የታወቀ፣ ቀኗ የተለየ፣ ብድር ያልገባባት ስትሆን ነው። ከተቻለ ደግሞ ሰው የሚካፈላት ትሁን። ቅዳሜ ከሰዓት የሚጠጣ ማኪያቶ፣ በወር አንዴ የሚሠራ ሹሩባ፣ በደመወዝ ማግስት ለልጆቹ የሚገዛ ኬክ ይህን መስፈርት ያሟላሉ። ከአቅም በላይ በብድር የተደገሰ ሠርግና ምርቃት አያሟላም። በወር 200 ብር ቡና የምንነቅፍ ሰዎች የሁለት ዓመት ዕዳ ለሚያስከትል ድግስ ስናጨበጭብ ሚዛናችን የት እንዳለ ልንጠይቅ ይገባል።

«በዚህ በር ጫቱም፣ ድራፍቱም፣ የስፖርት ውርርዱም ይገባል» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። መልሱም እዚያው መስፈርት ውስጥ አለ። ቡናው አንድ ሲኒ ከተጠጣ በኋላ ያበቃል፤ ውርርድ ግን የተበላውን ለማስመለስ ሌላ ውርርድ ይጠይቃል። ዋጋውን አስቀድሞ መናገር የማይቻል ነገር በበጀት ሊያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ከትንሿ ደስታ ወገን አይደለም። እንዲያውም ሌላ ደስታ ሁሉ የተዘጋበት ወጣት ነው በትንሽ ብር ትልቅ ተስፋ ለሚሸጥለት ቤት የሚማረከው። ልኩ የታወቀ ደስታን መፍቀድ ልክ ከሌለው ይከላከላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን «ልጅ ሳይጠግብ፣ መድኃኒት ሳይገዛ ስለ ደስታ ማውራት ነውር ነው» የሚለው ነው። ቅደም ተከተሉን እቀበላለሁ፤ ጓዳው ባዶ በሆነበት ቤት የበጀት ትምህርት ራሱ ስድብ ነው፤ ለዚያ ቤት የሚያስፈልገው ገቢና የወገን እጅ ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ በተግባር ማን ላይ እንደሚያርፍ እንመልከት። ገንዘብ ሲያጥር የአባት የውጭ ቡና ይቀጥላል፤ የልጆቹም ነገር እንደምንም ይሟላል፤ ቀድማ ራሷን የምትሰርዘው እናት ናት። አዲስ ነጠላ ከገዛች ስንት ዓመቷ እንደሆነ የሚጠይቃት የለም፤ መሰዋቷም እንደ ተፈጥሮዋ ይቆጠራል። ለትንሿ ደስታ በጀት ይያዝ ስል ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በስሙ ይያዝ ማለቴ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ለእርሷ። ይህ ሲደረግ ቁጠባው የአንድ ሰው ሸክም መሆኑ ይቀርና የቤቱ ሁሉ ስምምነት ይሆናል።

በመጨረሻም ነገሩ ከቤት ወጥቶ ወደ አደባባይ ይደርሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ከዓመታት በኋላም የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ያን ወለል በመጠበቅ ቆይቷል። ወለሉ በተሰላ ጊዜ ስሌቱ በምን እንደሚጀምር ከአሁኑ መነጋገር አለብን። ድሃ ቡና አያስፈልገውም የሚል ሕዝብ፣ ቡና የሌለበት ደመወዝ በቂ ነው ለሚል አሠሪ መልስ አይኖረውም። ለጎረቤታችን የምንሰጠው ምክር ለአሠሪው የምናቀብለው ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ በየቤታችን ትንሿን ደስታ ከወጪ ዝርዝር ውስጥ እናስገባት፤ ስናስገባትም አንፈርባት። ደመወዝ የሚተምነውም ወገን ከኪራዩ፣ ከጤፉና ከትራንስፖርቱ ቀጥሎ የጋዜጣውን፣ የፀጉሩንና የሲኒውን ዋጋ እንዲደምር በግልጽ እንጠይቅ። ሠርቶ የሚያድር ሰው ለነገ ሥራው ብቻ እንዲበላ የሚከፈለው ክፍያ ደመወዝ ሊባል አይገባውም።