ድንጋዩን ለካን፤ ሰውንስ?

የቅርስ ተቋሞቻችን የዓመት ሪፖርት ሲቀርብ የምንሰማው ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያህል ጎብኚ መጣ፤ ይህን ያህል ገንዘብ ገባ፤ ይህን ያህል ቅርስ ተመዘገበ። ይጨበጨባል፤ ስብሰባው ይበተናል። ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ሥራ የማን ኑሮ ተሻሻለ? የማን ዕውቀት ሰፋ? ማንስ ተጎዳ? ይህን የሚጠይቅ ከተገኘ እንደ ነገር ፈላጊ ይታያል።

ጥያቄው ግን ከሕጉ የመነጨ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ለባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ከሰጠው ዓላማ አንዱ፣ ቅርስ ለሀገሪቱ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ዕድገት እንዲያግዝ ማስቻል ነበር። «ማኅበራዊ» የምትለው ቃል ለማሳመሪያ ካልገባች በቀር መፈጸም አለመፈጸሟ መታወቅ ይኖርበታል። ሳይለኩ እንዴት ይታወቃል?

ላሊበላን እንውሰድ። 11ዱ ውቅር ዐብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ከዝናብ ለመከለልም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ከአንዳንዶቹ በላይ ትልልቅ መጠለያ ተተከለ። ለዚህ ዓይነት ሥራ የድንጋዩን ስንጥቅ፣ የዝናቡን መጠን፣ የምሰሶውን ክብደት የሚለካ ባለሙያ አይታጣም። ከመጠለያው ሥር የሚያስቀድሰው ምእመን፣ የሚያገለግለው ካህን፣ በዙሪያው የሚኖረው ቤተሰብ ምን እንደሚል በየዓመቱ እየጠየቀ የሚመዘግብ ግን ማን ነበር? በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሺህዎች አደባባይ ወጥተው መጠለያው ለቅርሳችን አደጋ ሆነ ሲሉ ስሞታቸውን አሰሙ። ከ10 ዓመት በኋላ በሰልፍ የተሰማው ቃል፣ መዝገብ ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ክረምት ሊሰማ ይችል ነበር።

የጎብኚ ቁጥርስ? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ፤ የውጭ ጎብኚ ራቀ። በቲኬት ከሄድን በዚያ ዘመን ላሊበላ ዋጋ አልነበረውም ልንል ነው! ለገና በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ምእመን በቲኬት መዝገብ ውስጥ የለም። በአንጻሩ ደግሞ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛዋና የእጅ ሥራ ሻጩ በደጉ ዘመንም በዚያ መዝገብ አልገቡም። አስቀድሞ ያልተቆጠረ ኑሮ ሲፈርስ ጉዳቱም አይቆጠርም።

«ቅርስ በሚዛን አይመዘንም» የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት ነው፤ ዛሬ የሚመዘነው ግን ተቋሙ እንጂ ቅርሱ አይደለም። የቤተ ጊዮርጊስን ክብር ማንም በቁጥር አይተምነውም፤ በስሙ የሚመደበው በጀት ለማን እንደጠቀመ ግን ሊጠየቅ ይገባል።

ከዚህ የከበደ ሥጋትም አለ፤ ልኬቱ የገንዘብ ሰጪ ዱላ ሆኖ ትንንሾቹን ተቋማት ያዘጋ ይሆን? ዱላውማ ዛሬም አለ፤ ስሙ የጎብኚ ቁጥር ነው። በቀን 20 ሰው የሚያነብበት የወረዳ ቤተ መጻሕፍት በቁጥር ውድድር ይሸነፋል። ከ20ዎቹ ስንቱ በሌላ ቦታ መጽሐፍ እንደማያገኝ ተመዝግቦ ከተያዘ ግን መከራከሪያ ያገኛል። ልኬት የሚያስፈልገው ከትልቁ ይልቅ ለትንሹ ነው።

ሥራውም የውጭ አማካሪ አይፈልግም። ጥገና ወይም ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ነዋሪውን መጠየቅና መልሱን መጻፍ፤ ከዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ለእነዚያው ሰዎች መድገም። ሙዚየም የጎበኘ ተማሪ ከስድስት ወር በኋላ የሚያስታውሰውን መጠየቅ፤ ያልመጣውም ለምን እንደቀረ ማወቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውጤቱን፣ ክፉውንም ጭምር፣ ለሕዝብ ማሳወቅ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ከጎብኚው ቁጥርና ከገቢው ቀጥሎ አንድ ገጽ ይጨመር፤ በዚያ ገጽ ላይም የሚነበበው የነዋሪው ቃል ይሁን።